ከቤጂንግ ሻንጋይ፦ አውሮፕላን ወይስ ፈጣን ባቡር?

በቤጂንግና በሻንጋይ መካከል ያለው የአየር ርቀት 1,068 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የርቀት ማስያ ገጾች ይህን ቁጥር በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይጨምሩበታል፤ የሚወጣውም 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ስሌቱ አይነቀፍም፤ ነገር ግን በ1 ሰዓት ከ50 የሚደርስ መንገደኛ የለም። የአየር መንገዶቹ ሰሌዳ ራሱ ከ2 ሰዓት ከ10 እስከ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይላል። ከሆቴል ወጥቶ ሆቴል እስከሚገባ ሲቆጠር ደግሞ ጉዞው 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሐዲድ ላይ 4 ሰዓት ተኩል የሚቆየው ፈጣን ባቡር በዚሁ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተኩል ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ከሆነ ምርጫውን የሚወስነው ፍጥነት አይደለም ማለት ነው። የሚወስኑት የሚነሱበትና የሚደርሱበት ሰፈር፣ የሻንጣው ብዛት፣ ወሩና የመነሻው ሰዓት ናቸው።

ርቀቱ ከየት እስከ የት?

ሁለቱም ከተሞች ሁለት ሁለት ትልልቅ ኤርፖርት አላቸው። ቤጂንግ በሰሜን ምሥራቅ ካፒታል (ትኬት ላይ ፒ-ኢ-ኬ)፣ በደቡብ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ዳሺንግ (ፒ-ኬ-ኤክስ) አሏት። ሻንጋይ በምዕራብ ሆንግቺያዎ (ኤስ-ኤች-ኤ)፣ በምሥራቅ ባሕሩ ዳር ፑዶንግ (ፒ-ቪ-ጂ) አሏት። በቀጥታ መስመር ሲለካ ከካፒታል ሆንግቺያዎ 1,077፣ ከካፒታል ፑዶንግ 1,100፣ ከዳሺንግ ሆንግቺያዎ 1,026፣ ከዳሺንግ ፑዶንግ 1,050 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው 75 ኪሎ ሜትር ለጄት አምስት ስድስት ደቂቃ ነው፤ ማንም አይሰማውም።

የሚሰማው መሬት ላይ ያለው ነው። ካፒታል ከቲያናንመን አደባባይ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ ዳሺንግ 46 ይርቃል። ሆንግቺያዎ ከሻንጋይ መሀል 13፣ ፑዶንግ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር አጭር የሆነው የዳሺንግ መስመር በምድር ረጅሙ መሆኑን ልብ ይሏል። ትኬት ሲገዙ «ቤጂንግ–ሻንጋይ» የሚለውን ትተው ሦስቱን ፊደላት ያንብቡ። በ100 ዩዋን የረከሰ የዳሺንግ–ፑዶንግ ትኬት ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ያስከፍላል።

በምድር ርቀቱ ከፍ ይላል፤ የፈጣኑ ባቡር መስመር 1,318 ኪሎ ሜትር፣ አሮጌው ሐዲድ 1,463፣ አውራ ጎዳናው ደግሞ 1,262 ነው። መኪና ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የውጭ መንጃ ፈቃድም ቻይና ውስጥ ስለማይሠራ ከዚህ ንጽጽር ይውጣ።

1 ሰዓት ከ50 ለምን 2 ሰዓት ከ20 ይሆናል?

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተነቀለበት ደቂቃ አንሥቶ ሌላኛው ከተማ በር ላይ እስኪቆም ያለው ነው። አየር ላይ የሚቆየው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው የሚሄደው በመሬት ላይ ነው፤ ወደ ማኮብኮቢያው መንዳት፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ከማረፍ በኋላ እስከ ተርሚናሉ መጓዝ። በትልልቅ ኤርፖርቶች ከመነሻው በፊት 20 ደቂቃ መሬት ላይ መንከላወስ የተለመደ ስለሆነ አየር መንገዶቹ አስቀድመው ሰሌዳው ውስጥ ያስገቡታል። «ቀድመን ደረስን» የሚለው የአብራሪው ማስታወቂያ ምሥጢሩም ይኸው ነው።

አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። በክረምታቸው፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ወደ ሻንጋይ የሚወርደውን አውሮፕላን ይገፋል፤ ወደ ቤጂንግ የሚወጣውን ይጎትታል። ስለዚህ የመልሱ ጉዞ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ሊረዝም ይችላል።

ከበር እስከ በር

ከቤጂንግ መሀል (ዋንግፉጂንግ አካባቢ) ተነሥተው ሻንጋይ መሀል የሕዝብ አደባባይ ይደርሳሉ እንበል።

በባቡር፦ እስከ ቤጂንግ ደቡብ ጣቢያ በሜትሮ 40 ደቂቃ፣ ጣቢያው ውስጥ ለፍተሻና ለመጠበቅ 40፣ ባቡሩ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከሆንግቺያዎ ጣቢያ በሜትሮ መስመር 2 እስከ መሀል ከመውጫው ጋር 40 ደቂቃ። ድምሩ 6 ሰዓት ተኩል።

በአውሮፕላን፣ ከካፒታል ወደ ሆንግቺያዎ፦ እስከ ኤርፖርት 1 ሰዓት፣ ኤርፖርት ውስጥ 1 ሰዓት ተኩል፣ በረራው 2 ሰዓት ከ20፣ ሻንጣ መጠበቅ 30 ደቂቃ፣ ሜትሮ 40። ድምሩ 6 ሰዓት። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዙ 5 ሰዓት ተኩል።

በአውሮፕላን፣ ከዳሺንግ ወደ ፑዶንግ፦ 1 ሰዓት ከ10፣ 1 ሰዓት ተኩል፣ 2 ሰዓት ከ20፣ 40 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ከ10። ድምሩ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ከባቡሩ ዘግይቶ ይደርሳል።

እነዚህ ሁሉ ነገሩ በሰላም ሲሄድ ነው። አውሮፕላኑ 40 ደቂቃ ቢዘገይ የነበረው ብልጫ አለቀ። ቤትዎ ወይም ስብሰባዎ ካፒታል ኤርፖርት አጠገብ፣ ለምሳሌ ዋንግጂንግ ሰፈር፣ ከሆነ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ከዚያ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ወደ ደቡብ ጣቢያ መውረድ አንድ ሰዓት ከሩብ ሊወስድ ስለሚችል አውሮፕላን ግልጽ ብልጫ አለው።

ወደ ካፒታል የሚወስደው የኤርፖርት ባቡር ከቤይሺንቺያዎ ጣቢያ ተነሥቶ በዶንግጂመን በኩል ያልፋል፤ ዋጋው 25 ዩዋን ነው፤ መጀመሪያ ተርሚናል 3፣ ቀጥሎ ተርሚናል 2 ይቆማል። ወደ ዳሺንግ ከጻዎቺያዎ ጣቢያ በ19 ደቂቃ ይደረሳል፤ ዋጋው 35 ዩዋን ነው። ጻዎቺያዎ ራሱ ግን ደቡብ ቤጂንግ ነው፤ 19 ደቂቃው የሚቆጠረው እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ፑዶንግ ያረፈ ሰው 30 ኪሎ ሜትሩን በማግኔት ባቡር በ8 ደቂቃ በ50 ዩዋን ያልፈዋል፤ ሆኖም ባቡሩ ሎንግያንግ መንገድ ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ ሜትሮ መያዝ ይኖርበታል። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁለቱን የሻንጋይ ኤርፖርቶች በ40 ደቂቃ ገደማ የሚያገናኝ ፈጣን የከተማ ባቡር አለ፤ ከፑዶንግ ወርደው በሆንግቺያዎ ባቡር ለሚቀጥሉ ትልቅ እፎይታ ነው።

ባቡሩ

መስመሩ የተከፈተው ጁን 30 ቀን 2011 ነው። ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2017 (መስከረም 11 ቀን 2010 ዓ.ም.) ወዲህ ፉሺንግ የሚባሉት ባቡሮች በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ፈጣኖቹ ጂናን ምዕራብና ናንጂንግ ደቡብ ላይ ብቻ ቆመው በ4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይገባሉ፤ ይህ በአማካይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በየከተማው የሚቆሙት 5 ሰዓት ተኩል፣ 6 ሰዓትም ይፈጃሉ። በቀን በአንድ አቅጣጫ ከ40 በላይ ባቡር ስላለ ሲገዙ የመነሻውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የጉዞውን ርዝመት ይመልከቱ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ በጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል የሚለያዩ ባቡሮች አሉ። በቁጥሩም ማወቅ ይቻላል፦ ጎደሎ ቁጥር ያለው (ጂ1፣ ጂ3) ከቤጂንግ የሚወጣ፣ ሙሉ ቁጥር ያለው (ጂ2፣ ጂ4) ወደ ቤጂንግ የሚገባ ነው።

ትኬት የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን ቀድሞ 12306 በሚባለው የቻይና ምድር ባቡር መተግበሪያ ነው። የእንግሊዝኛ ገጽም አለው፤ ሆኖም ፓስፖርትዎ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት። የአገራችን ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሳለ ቅጹ የሚጠይቀው «የቤተሰብ ስም» እና «መጠሪያ» ነው። ከልምድ አይሙሉ፤ ፓስፖርቱ ፎቶ ካለበት ገጽ ግርጌ በማሽን የሚነበቡት ሁለት መስመሮች ላይ ስሙ በምን ቅደም ተከተል እንደተጻፈ አይተው እንዳለ ይገልብጡ። አንድ ፊደል ቢሳሳት ማረጋገጫው አያልፍም፤ የፓስፖርት ቁጥር ቢሳሳት ደግሞ ትኬት ይዘው በሩ ላይ ይቀራሉ። የውጭ ካርድ አልቀበል ካለ ትሪፕ ዶት ኮምን የመሰሉ ወኪሎች በትንሽ ኮሚሽን ይሸጣሉ። የወረቀት ትኬት የለም፤ ፓስፖርቱ ራሱ ትኬት ነው። አውቶማቲክ በሩ የቻይና መታወቂያ አንባቢ ስለሆነ ፓስፖርት ሊያልፍበት ባይችል አይደንግጡ፤ ዳር ላይ ሠራተኛ ያለበት መስመር አለ፤ እዚያ ይሰለፉ።

ጣቢያ መሳሳት ከሁሉም የከፋው ነው። ቤጂንግ ውስጥ «ቤጂንግ» የሚባል አሮጌ ጣቢያም፣ «ቤጂንግ ደቡብ»ም አለ፤ ሻንጋይ ውስጥም «ሻንጋይ» እና «ሻንጋይ ሆንግቺያዎ» ይለያያሉ። አብዛኛው ፈጣን ባቡር ከቤጂንግ ደቡብ ወደ ሆንግቺያዎ ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ለታክሲ ሹፌር «ባቡር ጣቢያ» ብቻ ካሉት ወደ የትኛው እንደሚወስድዎ አይታወቅም፤ ስሙን በቻይንኛ ጽፎ ማሳየት ይበጃል። የመሳፈሪያው በር ከመነሻው 5 ደቂቃ ቀድሞ እንደሚዘጋ ቆጥረው ይሂዱ። ፓስፖርት የያዘ ሰው 45 ደቂቃ፣ በበዓል ሰሞን አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ አይጸጸትም።

በሁለተኛ ክፍል በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው ሁለት ወንበር አለ። ኤ እና ኤፍ መስኮት፣ ሲ እና ዲ መተላለፊያ ናቸው፤ ቢ መሀል ነው፤ ኢ የሚባል የለም። ለሁለት ሰው ዲ እና ኤፍ ጥሩ ነው። ትልቅ ሻንጣ ካለዎት በመጨረሻው ረድፍ ጀርባ ክፍት ቦታ ስላለ እሱን ይምረጡ። በየፉርጎው የፈላ ውኃ በነጻ ይገኛል፤ የሚሸጠው የታሸገ ምግብ ግን በአብዛኛው ሥጋ ስላለበት በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው ምሳውን ይዞ ቢሳፈር ይሻላል። ውኃና ምግብ ይዞ መግባት አይከለከልም። ከቤጂንግ ከተነሡ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን መሬቱ ጠፍቶ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ብቻ የሚሄድ ይመስላል፤ አይመስልም፣ ነውም። በዳንያንግና በኩንሻን መካከል ያለው ድልድይ 164.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን በዓለም ረጅሙ ነው።

አውሮፕላኑ የሚበላሽበት ቦታ

የቻይና ሰማይ አብዛኛው ክፍል ለጦር ኃይሉ የተያዘ ነው፤ ለሲቪል የተተዉት መስመሮች ጠባብ ናቸው። በአውሮፓ ሰማይ ነጎድጓድ የገጠመው አብራሪ ጥቂት ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ እዚህ ግን ማለፊያው ስለሚጠብ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ይታገዳሉ። ብዙ ጊዜም ተሳፋሪው ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቀበቶ ታስሮ ነው አንድ ሰዓት የሚጠበቀው። ይህ በጣም የሚብሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ቤጂንግ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይወርድባታል፣ ሻንጋይ ደግሞ አውሎ ነፋስ ያሰጋታል። በእነዚህ ወራት መብረር ግድ ከሆነ የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ይያዙ። አውሮፕላኑ ሌሊቱን እዚያው ያደረ ስለሆነ የሌላ ከተማ መዘግየት አይወርሰውም። ባቡሩም በከባድ ዝናብና በበረዶ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን መዘግየቱ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ፓወር ባንክ ነው። ከጁን 28 ቀን 2025 (ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.) ጀምሮ በቻይና የአገር ውስጥ በረራ 3ሲ የሚባለው የቻይና የጥራት ምልክት የሌለው፣ ወይም ምልክቱ የማይነበብ ፓወር ባንክ ይዞ መሳፈር አይቻልም። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የተገዛ ፓወር ባንክ ምልክቱ ላይኖረው ስለሚችል ገልብጠው ይዩት። ከዓለም አቀፍ በረራ ጋር ያለምንም ችግር ገብቶ የነበረው ዕቃ በአገር ውስጡ ፍተሻ ላይ ይቀራል። ላይተርም በአውሮፕላን አንድም አይፈቀድም፤ በባቡር እስከ ሁለት ይፈቀዳል። የወጥ ቤት ቢላ ለዘመድ ገዝተው ከሆነ በተቃራኒው ነው፤ ባቡር ላይ ይዞ መግባት ክልክል ሲሆን አውሮፕላን ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሄዳል።

ሻንጣ

ለነጋዴ ውሳኔው ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃል። ከአዲስ አበባ በኢኮኖሚ ክፍል ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ የያዘ ሰው የቻይናን የአገር ውስጥ በረራ ለብቻው ከገዛ የሚፈቀድለት በአብዛኛው 20 ኪሎ ነው። የተረፈው 26 ኪሎ በኪሎ እየተቆጠረ ይከፈልበታል። የአገር ውስጡ በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት ላይ ከተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዓለም አቀፉ ፈቃድ እስከ መጨረሻው ይሠራል። ስለዚህ ጓዝ ያለው ሰው ሁለት ትኬት ለየብቻ አይግዛ።

የባቡሩ ሕግም 20 ኪሎ ነው፤ የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ130 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። በተግባር ሚዛን የሚያቆምብዎ ብዙም የለም። ችግሩ ሕጉ ሳይሆን ጉልበት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ደረጃና ፍተሻ እያሳለፉ፣ ሌላው ተሳፋሪ መደርደሪያውን ሳይሞላው ለመድረስ እየተጣደፉ መሸከም አለ። አንድ ሻንጣ ለባቡር ይመቻል፤ ሁለት ሲሆን አውሮፕላን ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ዘዴ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበር መግቢያውን በቤጂንግ፣ መውጫውን በሻንጋይ ፑዶንግ አድርጎ አንድ ትኬት መግዛት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚጓዙት አንዴ ብቻ ነው፤ ዕቃው ገና ስላልተገዛ ሻንጣው ቀላል ሆኖ ባቡር ይይዛሉ፤ ገበያውን ሻንጋይ ላይ ጨርሰው ከዚያው ይመለሳሉ።

ዋጋ

የባቡር ሁለተኛ ክፍል እንደ ሰዓቱና እንደ ፍጥነቱ ከ500 እስከ 670 ዩዋን ይደርሳል፤ አንደኛው ክፍል የዚያ አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ቢዝነሱ 2,000 ዩዋንን ይጠጋል፣ ያልፋልም። ዋናው ጥቅሙ ለነገ ቢገዙም ዋጋው ብዙም አለመናሩ ነው። ትኬት ሲመልሱ ከጉዞው 8 ቀን ቀድመው ከሆነ አይቆረጥም፤ ከ48 ሰዓት በላይ ሲቀረው 5 በመቶ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቀረው 10፣ ከዚያ በታች 20 በመቶ ይቆረጣል። አውሮፕላኑ ግን በሁለቱም ጫፍ ይዘላል፤ ከሳምንታት በፊት ለማክሰኞ ቀትር ከ500 ዩዋን በታች የተሸጠው ወንበር ለዓርብ ማታ በመጨረሻ ሰዓት 2,000 ሊጠጋ ይችላል። በዚያ ላይ 50 ዩዋን የኤርፖርት ክፍያና የነዳጅ ጭማሪ አለ፤ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ዋጋ እነዚህን ላያካትት ስለሚችል የመጨረሻውን ገጽ ይመልከቱ። ርካሽ ትኬት ሲመለስ ብዙው ይቆረጣል።

በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በሜይ 1 እና ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው ሳምንት ባቡሩ ገና ሽያጩ ሲከፈት ያልቃል። ያኔ የሚቀረው አውሮፕላን ነው።

ማታ

ፈጣኑ መስመር ሌሊት ለጥገና ስለሚዘጋ ባቡሮቹ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ መግባት አለባቸው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት (20:00) በኋላ የሚነሣ ፈጣን ባቡር አያገኙም፤ አውሮፕላን ግን አለ። ሌላው አማራጭ በአሮጌው ሐዲድ የሚሄደው አልጋ ያለው የሌሊት ባቡር ነው፤ ቁጥሩ በ«ዲ» ይጀምራል፣ 12 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ የአንድ ሌሊት ሆቴል ያስቀራል። እንቅልፉ ለማይረበሽ ሰው ከሁለቱም የተሻለ ነው፤ አልጋዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ግን 15ኛው ቀን እንደተከፈተ መግዛት ያስፈልጋል።

ትኬቶቹ ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው። 07:00 ጠዋት 1 ሰዓት፣ 19:00 ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ነው፤ «የ1 ሰዓቱ ባቡር» ብለው ለጓደኛ ሲነግሩ የትኛው እንደሆነ ይጨምሩ። ስልክዎ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀረ ደግሞ ቻይና በ5 ሰዓት እንደምትቀድም አይርሱ።

ከሻንጋይ ሲመለሱ የሆንግቺያዎ ተርሚናል 2 እና የባቡር ጣቢያው በአንድ ግቢ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ናቸው። በረራው ከተሰረዘና ሰዓቱ ከ18:00 (ከቀኑ 12 ሰዓት) በፊት ከሆነ ሰልፉ ላይ ሆነው በስልክ የባቡር ወንበር ይፈልጉ፤ ካገኙ መጀመሪያ ይግዙት፣ ከዚያ የአውሮፕላኑን ገንዘብ መመለሻ ይጠይቁ። የተጫነ ሻንጣ ካለ ግን እሱን ሳያስወርዱ ከተርሚናሉ አይውጡ፤ ማስወረዱ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል የሚገዙት ባቡር ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚነሣ ይሁን።